ፍሪሲዮኑ የእኔ፣ ማርሹ የሽማግሌው

ከአረብ አገር በተመለስኩ በአራተኛው ወር ሰቆጣ ላይ መንጃ ፈቃድ መማር ጀመርኩ። እናቴ ደሃና ወረዳ፣ ገጠር ሆና ወሬውን ሰማችና መጣች። "ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ቤት ከርመሽ፣ አሁን ደግሞ መንገድ ለመንገድ?" አለችኝ በቋንቋችን በኻምጣኛ። ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ጠዋት መናኸሪያ ሄጄ የወልድያ አውቶቡስ ሲወጣ አይቼ እመለሳለሁ፤ ከሰዓት ምንም የሚወጣ ሳይኖር እንደገና እሄዳለሁ።

አሠልጣኙ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ፣ ቀድሞ ጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ከከተማው ወጣ ካለ ሜዳ ወስዶ አሮጌ ፒካፕ አስያዘኝ። አንደኛ ማርሽ ራሱ አስገባልኝ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ፤ መኪናዋ ሳትንገጫገጭ ተነሳች።

"አንቺ ነድተሽ ታውቂያለሽ" አለኝ።

"ብቻዬን አላውቅም።"

"በይ ሁለተኛ አስገቢ።"

ፍሪሲዮኑን ረገጥኩና ቆየሁ። እጆቼ መሪው ላይ ናቸው። መኪናዋ እየቀዘቀዘች ሄዳ ልትቆም ደረሰች።

"እህቴ፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?" አለ።

የምጠብቀው ሽማግሌውን ነበር።

ስሠራበት የነበረው ቤት አባወራ ናቸው። ግራ ጉልበታቸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አልታጠፍ ብሏቸው ነበርና እኔ የተቀጠርኩት እሳቸውን ለመደገፍ ነው። ከከተማው ውጭ የተምር እርሻ አላቸው፤ እዚያ መጋዘን ውስጥ አንዲት ከመሬት ብዙ የማትርቅ ቀይ የስፖርት መኪና ትቀመጣለች። ማንዋል ናት። ፍሪሲዮን በግራ እግር ስለሚረገጥ ከታመሙ ወዲህ አልነዷትም።

አንድ ዓርብ እኔን መሪው ፊት አስቀመጡኝና እሳቸው እንደምንም ከጎኔ ገቡ። "እግሩ የአንቺ፣ እጁ የእኔ" አሉ። መጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሳ አለማመዱኝ። "አሁን" ሲሉ እረግጣለሁ፤ በግራ እጃቸው ማርሹን ይቀይራሉ፤ "ልቀቂ" ሲሉ እለቃለሁ። ዓርብ ዓርብ በእርሻው የአስፋልት መንገድ ላይ እንዲህ ሄድን። ኋላ "አሁን" ማለቱም ቀረ። የሞተሩ ድምፅ ሲከር እግሬ ራሱ ይወርዳል፣ እጃቸው ማርሹን ይስባል። አንድ ቀን አራተኛ ስናስገባ አንገቴ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እሳቸው እንደ ጎረምሳ ሳቁ።

ልጃቸው ይህን አልወደደውም። እሱም የስፖርት መኪና ገዝቶ መጣ፤ አውቶማቲክ።

"ይህቺ ማርሽ የምትቀይረው ዓይን እስኪጨፈን ነው። የማንም ሰው እጅ አይደርስባትም" አለ።

"ትፈጥናለች፣ አልካድኩም" አሉ አባቱ። "እሷ ሁሉን ከሠራች እኔ ውስጧ ተቀምጬ ምን እሠራለሁ?"

ልጁ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። "ንጂና ንገሪያቸው።" ነዳጁን ነካ ሳደርገው ወንበሩ ላይ አጣበቀችኝ። ማርሹ መቼ እንደተቀየረ አላወቅኩም። ግራ እግሬ ወለሉን ይዳብሳል፣ የሚረግጠው አጣ። ፈርቼ መንገዱ አጋማሽ ላይ አቆምኩ።

"እንዴት ናት?" አሉኝ ስመለስ።

"ባባ፣ ትሮጣለች። እኔን ግን ምንም አልጠየቀችኝም።"

ሽማግሌው ሳቁ። ልጁ አልሳቀም። "አባቴ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይህቺ እኮ ግራ እግር አትፈልግም። ብቻዎን ይነዷታል።"

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ሽማግሌው ወደ መኪናዋ አመለከቱኝ፤ ደግፌ አስገባኋቸው። ብቻቸውን አንድ ዙር ነድተው መጡ። "መልካም ናት" አሉና ወደ ቤት እንዳስገባቸው ጠየቁኝ። ያን ቀን ምሳም አልበሉ። በሚቀጥለው ዓርብ ግን ከዘራቸውን ይዘው ቀይዋ መኪና ዘንድ ቆመው ጠበቁኝ። ኮንትራቴ እስኪያልቅ በእሷው ቀጠልን።

ይህን ሁሉ ለአሠልጣኙ ነገርኩት። እሱም በስልኩ የስፖርት መኪና ማየት ይወዳል። "ልጁ እውነቱን ነው፤ ለእሽቅድምድም አውቶማቲክ ያሸንፋል" አለ። "በእኛ ቁልቁለት ግን ማርሽ ነው የሚይዝሽ። ለማንኛውም እጅሽን ከመሪው አውርጂ።"

እግሬ ያወቀውን እጄ አላውቅ አለ። በመጀመሪያው ፈተና ዳገት ላይ አቁሜ እንድነሳ ታዘዝኩ። ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ፣ ማርሹን ግን ሳላስገባ ጠበቅኩ። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ከኋላዋ የተተከለውን ምልክት ጣለች። ፈተናውን ወደቅኩ።

ቤት ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ዱላ በቀኝ ጉልበቴ በኩል አቁሜ በእግሬ እየረገጥኩ በእጄ መሳብ ያዝኩ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። እኔ ዘንድ የሰነበተችው እናቴ በር ላይ ቆማ አየችኝ።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ማርሽ።"

"ሌላ ሰው ፊት እንዳታደርጊው" ብላ ሄደች። በማግስቱ ግን ዱላው አጭር ነው ብላ ሌላ አምጥታ ሰጠችኝ።

በሁለተኛው ፈተና አለፍኩ። ሥራ ለማግኘት ሌላ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ባለመኪናዎቹ ለሴት አንሰጥም ብለው መለሱኝ። በመጨረሻ አንዲት እህል ነጋዴ ፒካፗን ሰጠችኝ። ደሃና ሁለት ጊዜ ተመላልሼ መኪናዋን ሳልሰብር ስመለስ፣ ቆላ ወዳለችው ወደ ኒሯቅ ከተማ ብቻዬን ላከችኝ።

ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ወደ ታች በወረድኩ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ሞተሩ እያጓራ ያዘኝ። ኒሯቅ ደርሼ እህሉን የሚረከበው ሱቅ ደጅ አቆምኩ። ጭነቱ ሲወርድ የሱቁ ባለቤት ጥላ ውስጥ በርጩማ አቀረበልኝ።

"ቁጭ በይ እንጂ፣ ደክሞሻል።"

እሺ አልኩት፤ ግን አልተቀመጥኩም። ከዚያ ጎማዎቹን ዞሬ አየሁ፤ አንድ ጊዜ አይበቃም ብዬ ደግሞ ዞርኩ። ከኒሯቅ ወዲያ ያለው መንገድ የት እንደሚያደርስ ጠየቅኩት። ነገረኝ።