ለእኔ የተቀለበው በግ

ያ በግ የሚቀለበው ለእኔ ነበር። እናቴ አንድም ቀን አፍ አውጥታ አልተናገረችም፤ ግን ከመስከረም ጀምሮ ጓሮ አስራ፣ አተላና የባቄላ ገለባ እያቀረበች፣ ጠዋት ጠዋት ላቱን በመዳፏ እየመዘነች ስትከባከበው ለምን እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ልጅ ባለችበት ቤት እንዲህ የሚቀለብ በግ ለሌላ ነገር አይሆንም። የታረደው ግን የምወደውን ሰው እንዳላገባ በተወሰነበት ዕለት ነው፤ ያውም በእልልታ። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

አባቴ ዘር ቆጣሪ ነው። መተዳደሪያው አይደለም፤ ሲሠራ የኖረው ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ግን የአንኮበር ልጅ ስለሆነ፣ ከአንኮበር እስከ ሰላ ድንጋይ ማን ከማን እንደተወለደ በአውራ ጣቱ የጣቶቹን አንጓ እየነካ ይቆጥራል። በእኛ ወግ እስከ ሰባት ትውልድ የሚዛመዱ ሰዎች አይጋቡም። ስለዚህ በሰፈራችን ልጁን ሊድር ያሰበ ሰው አዳራሽ ከመከራየቱ በፊት እኛ ቤት ጎራ ይላል። አንድ ጊዜ የጥሪ ካርድ በትነው የጨረሱ ሰዎች ዘግይተው መጡ። አባቴ ቆጥሮ ቆጥሮ ስድስተኛው ላይ አገናኛቸውና ሠርጉ ቀረ። የሙሽራዋ እናት እስከ ዛሬ አባቴን መንገድ ላይ ስታየው ተሻግራ ትሄዳለች። እሱ ግን ነገሩን እንደ ጀብዱ ያወራዋል፤ "ካርዱ ሳይቀር ታትሞ ነበር እኮ" እያለ ይስቃል። እኔም አብሬው እስቅ ነበር፤ አሁን በመሳቄ አፍራለሁ።

የእኔ ሰው ከወለጋ ተፈናቅለው ከመጡት አንዱ ነው። ከተማው ዳር ካለው መጠለያ ከገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ወለጋ ሳለ የሒሳብ መምህር ነበር፤ እዚህም ሸራ ሥር ሕፃናት ሰብስቦ ያስተምራል። የተዋወቅነው እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት መጥቶ፣ "አጫጭር ጠመኔ ካላችሁ አትጣሉት" ብሎ ሲለምን ነው። ቁርጥራጩን ማጠራቀም ጀመርኩ። ሲያልቅብኝ ደግሞ ረጃጅሙን ሆን ብዬ እሰብር ነበር። ርዕሰ መምህራችን "የዘንድሮ ጠመኔ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚሰባበረው?" እያሉ ሲያማርሩ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ።

በጥር ወር፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ የእኔ ሰው ሦስት ሽማግሌዎች ላከ። አንደኛው ቄስ ናቸው፣ ሁለተኛው እዚያ አገር ጎረቤቱ የነበሩ ሙስሊም አባት፣ ሦስተኛው የአባቱ አጎት። እኚህ ሽማግሌ የለበሱት በእርዳታ የተሰጣቸውን፣ አንገቱ ላይ ፀጉር ያለው የሴት ካፖርት ነበር። ለደብረ ብርሃን ውርጭ ከዚያ የተሻለ ልብስ ስለሌለ ማንም አልሳቀም። እንደ ደንቡ በር ላይ ቆመው፣ "ጉዳይ አለን፤ ሳይፈጸምልን አንቀመጥም" አሉ። አባቴም እንደ ደንቡ በቀጠሮ መለሳቸው። እስከዚህ ድረስ ክፉ የለውም፤ ሴት ልጅ በአንድ ቀን አትሰጥም። ያቃጠለኝ በሁለተኛው እሑድ የተናገረው ነው።

"ከየት እንደመጣ ለማይታወቅ ሰው ልጄን አልሰጥም" አለ። "ሰባት ትውልድ ይቆጠርልኝና እንነጋገራለን።"

ይህን የሚለው አገራቸው ተቃጥሎ፣ ዘር የሚቆጥሩ አዛውንቶቻቸው ግማሹ አፈር፣ ግማሹ በየመጠለያው የተበተኑባቸውን ሰዎች ነው። ሊቆጥሩ እንደማይችሉ ያውቃል። አውቆ ነው የጠየቃቸው። እኔ ጓዳ ሆኜ ከመጋረጃው ኋላ እሰማ ነበር፤ ወጥቼ እንዳልጮህ የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ያዝኩ።

ሦስተኛው እሑድ መጣ። አባቴ ለወጉ ታናሽ ወንድሙንና ከአንኮበር ታላቅ እህቱን ጠርቷል። አጎቴ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጠ፤ አክስቴ ጓዳ ከእኔ ጋር ነበረች። ባለ ካፖርቱ ሽማግሌ እንደቆሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉና መቁጠር ጀመሩ። ልጁን አሉ፣ አባቱን አሉ። አያቱን ሲጠሩ፣ "በድርቁ ዘመን ለሰፈራ ወደ ወለጋ የተጫነው እሱ ነው፤ ቀድሞ አገራችን ከጣርማ በር ወዲህ ነበር" አሉ። አራተኛውን ጠሩ። አምስተኛውን ጠሩ። ስድስተኛው ስም ላይ ሲደርሱ የአባቴ አውራ ጣት አንጓው ላይ ቀጥ አለ።

"ይኼማ የእኛ ነው" ብሎ አጎቴ ከወንበሩ ተነሣ። በእነሱ በኩል ስድስተኛ የሆነው ሰው በእኛ በኩል አምስተኛ ነበር። የአንድ ሰው ልጆች ሆነን ተገኘን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ሳቅም ለቅሶም ይመጣብኛል። አጎቴ ሽማግሌውን አንገት ለአንገት ተናንቆ ያለቅሳል። ቄሱ ያመሰግናሉ። ሁለት እሑድ ሙሉ በር ላይ የቆሙ ሰዎች ሶፋ ተለቀቀላቸው። አባቴ አውራ ጣቱን አንጓው ላይ እንዳሳረፈ ተቀምጦ ቀረ፤ እኔ ደንግጦ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ሽማግሌውን ትከሻቸውን ሳመና፣ "እንግዲህ ልጁ ልጃችን ነው። እህቱን ግን አያገባም" አለ። እናቴ እልል አለች። አጎቴ ቢላ ይዞ ወደ ጓሮ ሄደ። ሰው የጠፋ ዘመድ ሲያገኝ ደስ ይለዋል፣ እሱን አልክድም። ግን ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ እንኳ መጋረጃውን ገልጦ ጓዳ ያለችው ልጅ ምን ሆነች ያለ የለም። ዱለቱን የከተፍኩት እኔ ነኝ።

ይባስ ብሎ ዘመድነቱ ቀጠለ። ደጃፋችንን እንዲረግጥ ያልተፈቀደለት ሰው በየእሑዱ ምሳ ይጠራ ጀመር። አባቴ የራሱን ጋቢ ሰጠው። ሽማግሌውም አባቴን "አንተ" ይሉት ጀመር፣ አባቴም ደስ ብሎት ይሰማል። እናቴማ "ወንድምሽ መጥቷል፣ እጁን አስታጥቢው" ትለኛለች። ጆግ ይዤ ጎንበስ እላለሁ፤ እሱ እጁን ይዘረጋል፤ ሁለታችንም ሳህኑን እናያለን። አንድ ቀን በር ላይ ብቻችንን ስንሆን፣ "እንዴት ትበላለህ እዚህ ቤት?" አልኩት።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ዘመዴ ነህ ያለኝ ሰው አልነበረም" አለኝ። "ልተወው ብዬ አቃተኝ።"

በእሱም ተናደድኩ። እውነቱን ነው፣ እሱም ይወደኝ ነበር፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሮ አየዋለሁ። ግን ጠበል ጠዲቁን፣ ጋቢውን፣ "ልጄ" መባሉን ሁሉ ይዞ እኔን ብቻ መተዉን እንዴት ልቀበል?

እንዲህ እንዲህ እያልን አራት እሑድ አለፈ። በአምስተኛው ሳምንት አክስቴ ለማኅበር ከአንኮበር መጣች። ጓሮ ልብስ ሳጥብ አጠገቤ መጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ፊቴን አየችው።

"አባትሽ እስካሁን አልነገረሽም?" አለች።

"ምኑን?"

አክስቴ ወደ ቤቱ ዞር ብላ ማንም አለመኖሩን አየችና ነገረችኝ። አያቴ፣ ማለት የአባቴ አባት፣ የዚያ ቤት ልጅ አልነበረም። እናቱ አዝላው መጥታ ነው የዚያን ሁለታችንን ያገናኘ ሰው ልጅ ያገባችው። ያገባችው ሰው የእንጀራ አባቱ ነው። አሳደገው፣ በስሙ አስጠራው፣ መሬት ሰጠው።

"ወላጅ አባቱስ?"

"ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ አይታወቅም" አለች። "አባትሽ ያውቃል። አባታችን የሞተ ዕለት እኔው ነኝ የነገርኩት። ያን እሑድ አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል ብዬ ስጠብቅ ዝም አለ። ወንድሜን በሰው ፊት ላዋርደው አልቻልኩም።"

አረፋ እጄ ላይ እንዳለ ተነሥቼ ሄድኩ። አባቴ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ይሞቃል። እንዲያ ያለ ንዴት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልያዘኝም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ላይ ጮኽኩ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ያልከው ማንን ነው አልኩት። የሰው ሠርግ ስታፈርስ የኖርከው በማን ዘር ነው አልኩት። አራት እሑድ ሙሉ ጎንበስ ብዬ ሳስታጥበው እያየህ እንዴት እንጀራ ወረደልህ አልኩት። እናቴ ከቤት ወጥታ አፏን ይዛ ቆመች።

አባቴ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ያ ሰው እኮ ነው አባቴን ያሳደገው" አለ ቀስ ብሎ።

"ታዲያስ?"

"ታዲያ እሱን ካወጣሁት እኔ የማን ነኝ?"

 ልብሱን እንደተዘፈዘፈ ትቼ ወደ ውስጥ ገባሁ።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ ራሱ መጠለያ ድረስ ሰው ልኮ ሦስቱን ሽማግሌዎች አስጠራ። ገብተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። እሱ ግን እነሱ ቆመውበት ከነበረው ቦታ፣ በሩ ላይ ቆመ። አጎቴ "ምነው ተቀመጥ እንጂ" ቢለው አልሰማውም። ነጠላውን አስተካከለና እጁን ዘረጋ።

"ልጄ" አለ፣ አውራ ጣቱን የመጀመሪያው አንጓ ላይ አድርጎ። "እኔ" አለ። "አባቴ" አለ። ሦስተኛው አንጓ ላይ ቆመ። ያ ሁሉ የሚመካበት ቆጠራ ከአንድ ጣት አላለፈም። "ከዚህ በላይ የምቆጥረው የለኝም። አባቴ በዚያ ቤት ያደገ የእንጀራ ልጅ ነው፤ ወላጅ አባቱን አላውቀውም። አልተዛመድንም። ልጄን የምትፈልጓት ከሆነ እሷም ፈቅዳለች።"

አጎቴ ጭንቅላቱን ይዞ ቀረ። ባለ ካፖርቱ ሽማግሌ ቀና ብለው አባቴን አዩት። ያገኙትን ዘመድ መልሰው እያጡ ነበር፣ ፊታቸው ላይ ይታያል።

"እስከ ዛሬ ዘራችንን የጠየቀን ሁሉ የጠየቀን ሊያስወጣን ነው" አሉ። "የራሱን ዘር ጥሎ ያስገባን አንተ ነህ። ና ወንድሜ፣ ተቀመጥ።"

ዘመድነቱ ቀርቶም "አንተ" ነበር ያሉት። አባቴ መጥቶ ከጎናቸው ተቀመጠ። አውራ ጣቱ ገና አንጓው ላይ ነበር። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ፣ ማንም ሳያዘኝ ጆግና ሳህን አመጣሁ፣ መጀመሪያ ያስታጠብኩትም አባቴን ነው። ውሃውን ቀስ ብዬ ነው ያፈሰስኩት። ይቅር ግን አላልኩትም፤ አራት እሑድ እያወቀ አይቶኛል።