ለደምበል ብዬ የመረጥኩት ትምህርት

ምርጫዬን የሞላሁት ተናድጄ ነው። የሁለተኛ ዲግሪን የሚያህል ነገር፣ ሰው ተማክሮበትና አስቦበት የሚወስነውን ጉዳይ፣ እኔ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው እስኪደርስ ተጭኜ ጻፍኩት። በሕይወቴ ሳልጠራጠር የወሰንኩት ነገር እሱ ብቻ ነው፤ የተሳሳትኩትም እሱኑ ነው።

ጅግጅጋ ተወልጄ ያደግሁ ነርስ ነኝ። አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ኮሮና በገባ በዓመቱ ደምበል ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ደምበል ከጅግጅጋ ሩቅ አይደለም የሚሉ አሉ። እነሱ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ በዚያ ፒስታ መንገድ፣ ምጥ የያዛት ሴት ይዘው ሄደው አያውቁም።

የማዋለጃ ክፍሉን የያዝነው ሁለት ሴቶች ነበርን፤ እኔና አንዲት አዋላጅ ነርስ። እሷ የዚያው አካባቢ ልጅ ናት። በዕድሜ ታንሰኛለች፤ በሥራ ግን ታስከነዳኛለች። የእኔ ሶማልኛ ገበያ ላይ በቲማቲም ዋጋ ከመከራከር ያለፈ አልነበረም፤ ምጥ ላይ ያሉ ሴቶች እንኳ አፌን ስከፍት ስቃያቸውን ለአፍታ ትተው ይስቁብኝ ነበር። ያኔ እሷ ትገባና የምለውን ታቃናልኛለች። "አባዮ" ትለኛለች፣ በእነሱ ቋንቋ እህቴ ማለት ነው። እኔም አባዮ እላታለሁ፤ በስሟ የጠራኋት ቀን ትዝ አይለኝም።

ዓመቱ የድርቅ ዓመት ነበር። ከብቱ አልቆ የመንገዱ ዳር ሁሉ አጥንት ነበር። እናቶቹ የሚመጡልን ጉንጫቸው ገብቶ ነው፤ የሚወልዷቸውም ልጆች መዳፍ የማይሞሉ ነበሩ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከገጠር በቃሬዛ ያመጧት ሴት ጊዜዋ ሳይደርስ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ አላለቀሰችም። በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን ፊኛ፣ እኛ አምቡ የምንለውን፣ አፍና አፍንጫዋ ላይ ገጥሜ መጭመቅ ጀመርኩ። አባዮ ጀርባዋን እያሸች በሹክሹክታ ትጸልያለች። ስንት ደቂቃ እንደቆየን አላውቅም፤ ብቻ ልጅቷ አንዴ ተንሰቀሰቀችና በቀጭኑ ጮኸች። እናቲቱ ከአልጋዋ ላይ ሆና "አልሃምዱሊላህ" ስትል እኔ ግድግዳው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ።

አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዶ ነበር። የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። እናቲቱ ደም ይፈሳት ስለነበር አባዮ ከእሷ ጋር ቀረች፤ እኔ ልጅቷን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ አስጠግቼ፣ ከአያቷ ጋር ወደ ጅግጅጋ ተነሣሁ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ዓይኔ ከንፈሯ ላይ ነው። የከተማው መግቢያ ኬላ ጋ ስንደርስ ልጅቷ መተንፈስ አቆመች። እንደገና ጨመቅኩ፤ ወታደሩ በመስኮት አይቶን ገመዱን ቶሎ ለቀቀልን፤ አልተመለሰችም። አያቷ ከእጄ ሲወስዷት "አንቺ ለፍተሻል" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የስፖንሰሩ ደብዳቤ የመጣው ከዚህ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነው። ከወረዳው አንድ ነርስ በመንግሥት ወጪ ሁለተኛ ዲግሪ ትማራለች፤ የመግቢያ ፈተናውን ያለፍኩት እኔ ነበርኩ። የሚመረጠው ከሦስት አንዱ ነው፤ የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ፣ የጨቅላ ሕፃናት ነርሲንግ፣ የነርሲንግ አመራር።

አባቴ ጋ ስደውል ሦስቱን አንብቤለት ሳልጨርስ "አመራር ሙዪ" አለኝ። "ልጄ፣ ከአልጋ ሥር ውጪ። ወገብሽ ገና በልጅነትሽ አለቀ።"

"አባዬ፣ እኔ ወንበር ፈልጌ አይደለም" አልኩት።

የጤና ጣቢያው ኃላፊም ቢሯቸው አስቀምጠው ያንኑ ነገሩኝ። ረጋ ያሉ፣ ፀጉራቸውን በሂና የሚያቀሉ ሰው ናቸው። "ሲስተር፣ አመራር ተማሪ። ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ቦታ አለ። ተመልሰሽ ወደ እኛው ትመጫለሽ" አሉ። እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ልጅ በእጃችን እየሞተ ስለ ቢሮ ያወሩኛል! "ደምበል የጎደላት አለቃ ነው እንዴ?" ብዬ ጮህኩባቸው። እሳቸው አልተቆጡም፤ ፎርሙን ብቻ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ፣ እያዩኝ፣ የጨቅላ ሕፃናት ነርሲንግ ብዬ ጻፍኩ።

አባዮ ግን ደስ አላት። "ሂጂ፤ ክፍሉን እኔ እይዘዋለሁ። ሁለት ዓመት ምን አላት?" አለችኝ። እኔም ተመልሼ የተማርኩትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር እንደማስተምራት ማልኩላት። አሽሟጣጭ ስለሆነች "ማስተርስ ይዘሽ ስትመጪ ፎጣ አላጥብም እንዳትይኝ" ብላ ሸኘችኝ።

ትምህርቱ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ነው የሰማሁት። መምህራችን ሴት ናቸው፤ ጨቅላ ሕፃን ሙቀት ስለሚያጣባቸው መንገዶች ያስተምሩናል። "መጀመሪያ ያደረቃችሁበትን ጨርቅ ጣሉት። እርጥብ ነው። በእሱ ከጠቀለላችኋት በገዛ እጃችሁ እያቀዘቀዛችኋት ነው" አሉ። ይህ በመጀመሪያ ዲግሪም የተነገረኝ ነገር ነው፤ ለፈተናም አጥንቼዋለሁ። ያን ቀን ግን ልጅቷ ስለጮኸች ደስታው አዕምሮዬን ጋርዶት፣ ባደረቅናት ጨርቅ ላይ አንድ ሌላ ደርቤ ጠቅልያት ነበር የወጣሁት። እርጥቡ ከውስጥ ነበር። ደረቴ ላይ ቅዝቃዜ ሲሰማኝ ላቤ መስሎኝ ነበር። ከክፍል ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ሰው ሁሉ እስኪያልፍ ድረስ አልተነሣሁም። ለማንም አልተናገርኩም። ለአባዮ ደውዬ "ጨርቁን ቀይሪ፣ ኮፍያ አድርጊላቸው" ብቻ አልኳት። ለምን እንዳልኳት አልጠየቀችኝም፤ ገብቷት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት እንደ ቅጣት ነው። በጥሩ ውጤት ተመርቄ፣ ሻንጣዬን ሳልፈታ፣ ምደባ ወደሚሰጥበት ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለኝ ትሑት ወጣት ነበር፤ ወንበርም ሳበልኝ።

"ደምበል መመለስ ነው የምፈልገው" አልኩት።

"ሲስተር፣ ደምበል ያለው ጤና ጣቢያ ነው።"

"አዎ፣ ጤና ጣቢያ ነው።"

"በጤና ጣቢያ መዋቅር ላይ ለጨቅላ ሕፃናት ማስተርስ የሥራ መደብ የለም። ሆስፒታል ነው የምትመደቢው።"

"እሺ፣ ማስተርሱን እርሳውና በመጀመሪያ ዲግሪዬ መድበኝ። በድሮው ደመወዜ እሠራለሁ።"

በእርጋታ ራሱን ነቀነቀ። "መንግሥት ማስተርስ አስተምሮሽ በዲግሪ ብመድብሽ ኦዲት የሚጠይቀው እኔን ነው።" ወረቀቶቹን አገላበጠና ሊያጽናናኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ "አመራር ተምረሽ ቢሆን ኖሮ ወረዳው ላይ ክፍት ቦታ ነበረልሽ" አለኝ።

ኃላፊያችን ያን ቀን የነገሩኝ ይህንን ነበር። ደምበል መመለሻ መንገዱ እሱ ብቻ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ እኔ ግን ከቁጣዬ የተነሣ አልሰማኋቸውም።

ጅግጅጋ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ተመደብኩ። ማሞቂያ አለ፣ ኦክስጅን አለ፣ ሐኪሞች አሉ። ውሸት አልናገርም፣ በእጄ የዳኑ ልጆች አሉ፤ ከእናታቸው ጡት ጋር አገናኝቼ የሸኘኋቸው። ከደምበል የሚመጡት ግን ስንት ሰዓት መንገድ ላይ ቆይተው ነው የሚደርሱኝ። አባዮ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ኮፍያ አድርጋ፣ "አንድ ልኬልሻለሁ" ብላ ትደውልልኛለች። እኔ በር ላይ እጠብቃለሁ። ኮፍያው በሥርዓት ታስሯል፣ ጨርቁ ደርቋል፣ ልጁ ቀዝቅዟል። የተማርኩት ሁሉ እዚያ፣ ልጁ በተወለደበት በመጀመሪያው ሰዓት የሚያስፈልግ ነው፤ እኔ ያለሁት ግን መንገዱ ካለቀ በኋላ ነው። ከሞቱት በኋላ እጄን ስታጠብ ያንን መደብ የለም ያለኝን ወጣት በልቤ እሰድባለሁ። ከዚያ ደግሞ ራሴን እሰድባለሁ።

የዝውውር ማመልከቻ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። አባዮ በደወለች ቁጥር መጨረሻ ላይ "መቼ ነው የምትመጪው?" ትለኝ ነበር። "በቅርቡ" እላታለሁ፤ በኋላ በኋላ "ኢንሻአላህ" ማለት ጀመርኩ። የሁለት ሰው ሥራ ብቻዋን እየሠራች ነበር። እኔን ይተካሉ የተባሉ ሁለት ልጆች መጥተው፣ አንዷ ሦስት ወር ሳትሞላ፣ ሌላዋ ስታገባ ሄዱ። ከጊዜ በኋላ አባዮ መቼ ትመጫለሽ ማለቱን ተወችው። ያኔ ደነገጥኩ፤ ግን ምን ብዬ ደውዬ እጠይቃታለሁ?

በዚህ ዓመት አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የሆስፒታሉ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጬ እየበላሁ ስልኬ ጠራ። አባዮ ናት። አንድ ልኬልሻለሁ የምትለኝ መስሎኝ ገና ሳነሣ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

"ተቀመጪ፣ ልጅ አይደለም" አለችኝ፤ እንደማውቃት ታውቀኛለች። "ስፖንሰሩ ዘንድሮ ለእኔ ደረሰኝ። ፈተናውን አለፍኩ።"

"እንኳን ደስ አለሽ" አልኩ።

"የቱን ልምረጥ? አንቺ ታውቂያለሽ።"

"ክፍሉን ማን ይይዘዋል?"

"አዲስ ልጅ ትመጣለች ብለዋል።"

አትሂጂ ልላት ፈለግሁ። እግዜር ያውቃል፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። እዚያ የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ከወጣች ነገ የምትወለደውን ልጅ ማን ያደርቃታል? ግን ትቻት የሄድኩት እኔ፣ በምን አፌ ቅሪ እላታለሁ? እናም ያለኝን አንድ ዕውቀት፣ ዓመታት ያስከፈለኝን፣ ሰጠኋት።

"አመራር ምረጪ" አልኳት። "የእኔን ስህተት እንዳትሠሪ። ጨቅላ ሕፃናት ከተማርሽ ከተማ ያስቀሩሻል። አመራር ከተማርሽ ግን ወረዳው ላይ መደብ አለ፤ ደምበል ትመለሻለሽ።"

ከኋላዋ ምጥ የያዛት ሴት ስታቃስት ይሰማኛል። አባዮ በሶማልኛ "መጣሁ" አለቻትና ወደ ስልኩ ተመለሰች።

"አባዮ" አለችኝ፣ ሳትቆጣ፣ ደክሟት፤ "መመለስ እንደምፈልግ ማን ነገረሽ?"