ቢጫው በርሜል

ሰፈሩ ቀለም ቀቢውን «ቆይ» ይለዋል፤ ምን ብትጠይቁት ሌላ መልስ የለውማ። «ወንበሮቹን መቼ ትጨርሳለህ?» «ቆይ።» «ይኸው ደርቋል እኮ?» «ቆይ።» ፕላስቲክ ካልተለማመጡት ቀለም ይተፋል ባይ ነው። በሳሙና ያጥበዋል፣ ያደርቀዋል፣ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ልስላሴውን ይገፍፈዋል፣ ብናኙን ይጠርጋል። ከዚያ ቀለሙን የሚያስይዘውን መነሻ ቅብ በስሱ፣ ዋናውንም በስሱ፣ እየደጋገመ፣ ጥላ ውስጥ ይቀባል። ሲሠራ ማየት ያሰለቻል። የቀባው የካፌ ወንበር ግን ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ይከርማል።

ጉዱ ታዲያ የዚህ ሰው የእናቱ በርሜል መላጡ ነው።

የፕላስቲክ የውሃ በርሜል ነው፤ ከግቢያቸው በር አጠገብ መንገዱ ዳር ቆሟል። የእናትየው ዓይን ደክሟል። የሰው ፊት አይለዩም፤ ደማቅ ቢጫ ግን ይለያሉ። ከሱቅ ሲመለሱ ቢጫው ጋ ታጥፈው ቤታቸው ይገባሉ። ቀለሙ ሲላጥ ግራጫው በርሜል ከግራጫው አጥር ጋር አንድ ይሆናል። ባለፈው አልፈውት ጎረቤታቸው እኔ ግቢ ገቡና «ማነው እቤቴ ያሰጣው?» እያሉ ልብሴን መሰብሰብ ጀመሩ። እኔ ሳቅሁ፤ ትልቋ ልጃቸው ግን አልሳቀችም።

«ከእንግዲህ እኔ ቤት ትግባ፤ ከበር ሳትወጣ ትጦራለች» አለችው ወንድሟን። «መኪና ቢገጫትስ?»

እሱም በርሜሉን ስንቴ ቀብቶት ስንቴ ተላጠ። እናቱም አልማሩትም፤ «እጅህ የሚያምረው ሰው ቤት ነው» ይሉታል። ብቻ ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክር ብሎ እህቱን ለመናት፤ ከክረምቱ በኋላ ከተላጠ ትወስዳቸዋለች።

እንደ ልማዱ አጥቦ አሽቶ አሳደረው። ጠዋት ከወትሮው ቀደም ብሎ ሲመጣ እናቱ በርሜሉን በጨርቅ ይወለውላሉ። በሌላው እጃቸው የፀጉር ቅባታቸውን ይዘዋል።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምን ላድርግ፤ አሽተህ አሽተህ አሻክረኸው ሄድክ። ልጄ እንዲህ የደረቀ ነገር ይቅባ? ትንሽ ወዝ ይኑረው ብዬ ነው።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጊያለሽ?»

«ታዲያ ዝም ብዬ ልይህ?»

እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ በሳቅ ሞትኩ። እሱ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። አጠገባቸው ቁጭ አለና ጨርቁን ቀስ ብሎ ከእጃቸው ወሰደ።

«ወዝ ለፊት ነው እማዬ። ቅባት ካለ ቀለሙ አይዝም።»

እናትየው የቅባቱን ክዳን ገጠሙ። «እኔ ነኛ የሰው መሳቂያ ያደረግኩህ» ሲሉ ሳቄን ተውኩት።

«ነይ አብረን እንጠበው» አላቸው።

በሳሙና እንደ አዲስ አጠቡት። እሱ ጠርቷል ብሎ ሊነሳ ሲል እናትየው በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ቆይ፣ እዚህ ጋ ያሙለጨልጫል» አሉ። እውነትም ያሙለጨልጭ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሳቸው ጣት ሳይፈቅድ ብሩሽ አላነሳም።

ክረምቱ አለፈ። እህትየው ቃሏን ይዛ መጣችና ከእኔ ጋር ቆመን መንገዱን ማየት ጀመርን። ወንድሟ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ በርሜሉ ጎን ቆሟል። እናትየው ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ከሱቅ መጡ፤ ቢጫው ጋ ሲደርሱ ሳያመነቱ ታጠፉ። ወዲያው ሰው እንዳለ ታወቃቸውና ቆም አሉ።

«እንደምን ዋሉ» አሉት የገዛ ልጃቸውን። «ቀለሙን እያዩ ነው? ልጄ ነው የቀባው። እሱ የቀባው አይላጥም።»

አፉን ቢከፍት በድምፁ ያውቁታል። አልከፈተም። እህቱ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «በቃ፣ እዚሁ ትኑር» አለችኝ።

እሱ የግቢውን በር ገፋ አድርጎ ከፈተላቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብለውት ገቡ።