የአብረኸትን ኮምፒዩተር ያፈጠንኩ ቀን

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስልኩን አሳየኝና «አጎቴ፣ ጊዜያዊ ፋይሎቹን ብሰርዝ ይፈጥናል ይላል፤ እውነት ነው?» አለኝ። «ቦታው ሞልቶ ከሆነ ትንሽ ይረዳል፤ ካልሞላ ምንም» አልኩት። ይህን ለማወቅ ምን እንደተከፈለ፣ ማን እንደከፈለም አልነገርኩትም።

ነጻነት በመጣ በአራተኛው ክረምት፣ አስመራ፣ ገጀረት ሰፈር ፌርማታው አጠገብ በነበረ አንድ ጽሑፍ በኮምፒዩተር ተይቦ በሚሰጥ ቤት እሠራ ነበር። ኮምፒዩተር ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሽፋኑ የተገነጠለ መመሪያ ሦስት ጊዜ አንብቤ ነው የተማርኩት። ከጎኔ አብረኸት የምትባል የተሰናበተች ታጋይ ትቀመጥ ነበር። ከግራ እጇ ሁለት ጣቶች የሉም። የቤቱ ባለቤት አያ ሃብቶም የስልሳ ገጽ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ እንድትተይብ ሰጥተዋት፣ «ቅዳሜ እኩለ ቀን ካልደረሰ ሌላ ሥራ ፈልጊ» ብለዋት ነበር።

በዚያ ክረምት መብራት ይመላለስ ነበር። የሥራ ቅጂ የሚቀመጥባቸውን ዲስኬቶች አያ ሃብቶም መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውባቸው ነበር። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሥራዋ ሲጠፋ፣ ከጊዜያዊ ፋይሎች ማኅደር ፈልጌ አወጣሁላትና «ሲጠፋብሽ እዚህ ፈልጊ» አልኳት።

ዓርብ ቀትር ላይ በሩ ሥር ቆመን በለስ እየላጥን ስንበላ፣ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር።

«ቀርፋፋው ማሽኑ ነው ወይስ እኔ?» አለችኝ።

«ማሽኑ ነው። ቆሻሻ ሞልቶበታል። ሻሂ ጠጥተሽ እስክትመለሺ አፈጥነዋለሁ።»

«የቐንየለይ ሓወይ» ብላ አመስግናኝ ሄደች።

በጊዜያዊ ማኅደሩ ያለውን ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ሰረዝኩ። አንድም ስም አላነበብኩም። ቀጥሎ ዲስኩን እንዲያስተካክል አዘዝኩት፤ ከዚያ በኋላ የተሰረዘ አይመለስም። ከመሰረዜ በፊት የጽሕፈቱ ፕሮግራም እስኪከፈት በእጅ ሰዓቴ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰኮንድ ፈጅቶ ነበር። በኋላ ስለካው አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት ሆነ።

አብረኸት ተመልሳ ደንቡን ፈለገች። የለም።

«የት ነበር ያስቀመጥሽው?»

«እዚያው ጊዜያዊው ውስጥ ነዋ። የጠፋ የሚገኝበት ቦታ ነው ብለኸኝ!»

አያ ሃብቶም ድምፃችንን ሰምተው መጡ። «ማነው የሰረዘው?»

አብረኸት አየችኝ። አልከሰሰችኝም፤ እስክናገር ጠበቀች። እኔ የፊደል ቁልፎቹን አየሁ።

«ተጋዳሊት!» አሉ አያ ሃብቶም እየሳቁ። «አስመራን ነጻ አወጣሽ፤ አሁን ደግሞ ስልሳ ገጽ ነጻ አወጣሽ! ጣትሽን ሳሕል በረሃ ረሳሽ፤ ጭንቅላትሽንስ የት ረሳሽው?»

ጸሐፊዎቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ነጠላዋን አነሳች፤ ቅዳሜን ሳትጠብቅ ወጣች።

ከሁለት ዓመት በኋላ እዳጋ ሓሙስ ገበያ ቲማቲም ስትሸጥ አገኘኋት። በሦስቱ ጣቶቿ ቲማቲሙን እያገላበጠች ለስላሳውን ትለያለች። ያለ ቁጣ ሰላም አለችኝ።

«ማሽኑስ፣ ፈጠነ?»

«እወ» አልኳት። «በጣም።»

«እንኳን ፈጠነ» አለች፤ አንድ ኪሎ መዝና ገንዘብ አልቀበልም አለችኝ።

ያን ውሸት ለእርሷ አዝኜ የተናገርኩት ነው እያልኩ ብዙ ዓመት ኖርኩ። ሥራዬ በከንቱ አልጠፋም ብላ እንድትጽናና። አሁን ጢሜ ሸብቶ ረጋ ብዬ ስመረምረው ግን እንዲያ አልነበረም። እንጀራዋን ካሳጣኋት በኋላ እንኳ፣ አዋቂ ነው እንድትለኝ እፈልግ ነበር።