ያለ ፍሪሲዮን ወደ ደብረ ታቦር

ልጅ ሳለሁ ግቢያችን ናፍጣና እርጥብ ገብስ ይሸት ነበር። አባቴ ከከተማችን ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር እህል የሚያመላልስበት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረው፤ ግቢ ሲያድር እኔና የጎረቤት ልጆች ከሥሩ ድብብቆሽ እንጫወታለን። አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ የመኪናው ሞተር አበቃለት።

አባዬ ከሌላ መኪና የወጣ ሞተር ከባሕር ዳር አስጭኖ መጣ። የከተማችን መካኒክ አያ ደጉ አሮጌውን አውርደው ያንን ገጠሙት። ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፤ እኛም አጨበጨብን። አባዬ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን እስከ ታች ረግጦ ማርሽ ሊያስገባ ሲል ግን ብረቱ እየተንጫጫ እምቢ አለ።

አያ ደጉ ከመኪናው ሥር ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

“ፍሪሲዮኑ ከሞተሩ ጋር የመጣ ነው፤ የሚገፋው ሹካና ከፔዳሉ የሚመጣው ዘንግ ግን የድሮው ናቸው። ሹካው አጥሮ አይደርስለትም” አሉ።

ዘንጉን በብየዳ አስረዘሙት፤ ሲረገጥ ተጣመመ። ትክክለኛው ሹካ ባሕር ዳር ቀርቷል፤ መንገዱ ደግሞ ጭቃ ሆኖ አውቶቡስ መምጣት ካቆመ ሰነባብቷል።

እናቴን ምጥ የያዛት እንዲህ ባለ ሰሞን ነው። ከጤና ጣቢያ የመጣችው አዋላጅ ሆዷን ዳስሳ ወደ አባዬ ዞረች። “ልጁ አግድም ተኝቷል። እዚህ አይሆንም፤ ዛሬውኑ ደብረ ታቦር ያድርሷት።”

በቃሬዛ እንውሰዳት ያሉ ነበሩ፤ መንገዱ ግን ሩቅ ነው። አባዬ ወደ አያ ደጉ ሄደ። “ያለ ፍሪሲዮን ይሄዳል?”

“ማርሽ ውስጥ እንዳለ ካስነሣኸው ይሄዳል። ስትቀይር ድምፁን አዳምጥ። ዳገት ላይ ከቆምክ ግን አለቀ፤ አይነሣልህም።”

እናቴን ጋቢና አሳፈሯት፤ አባዬ ቁልፉን ሲያዞር መኪናው እንደ ደነገጠ በሬ ዘሎ ተነሣ። አዋላጇ ከበሩ በኩል፣ እኔ መሐል ሆኜ የእናቴን ራስ ጭኔ ላይ ደገፍኩ። ሰዎች ከመንገድ ዳር እጃቸውን እያወዛወዙ እንድንጭናቸው ለመኑን፤ አባዬ ዞሮም አላያቸው። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ባለ ቁጥር እናቴ ዓይኗን ትገልጥና “እየሄድን ነው?” ትለኛለች።

“እየሄድን ነው እማዬ።”

አንድ ረጅም ዳገት መሐል ከብቶች መንገዱን ሞልተው ሲሻገሩ አየን። አባዬ ጡሩንባውን ተጭኖ አለቀቀም። ሞተሩ መንዘፍዘፍ ጀመረ። “እመቤቴ፣ አትጣይኝ” ሲል ሰማሁት፤ አባቴ ሲለምን ሰምቼ አላውቅም ነበር። እረኛው ተሯሩጦ ከብቶቹን በዱላው ከፈላቸውና በመሐላቸው አለፍን። ከዚያ ወዲህ እናቴ መጠየቅ አቆመች። ጩኸቷን ለመስማት ተመኘሁ።

ሆስፒታሉ ግቢ ስንገባ አባዬ ሞተሩን ማርሽ ውስጥ እንዳለ አጠፋው፤ መኪናው ተንገጫግጮ ቆመ። እናቴን ተሸክመው ገቡ። አመሻሽ ላይ አዋላጇ ወጥታ “እናትየዋ ተርፋለች” አለች። አባዬ ስለ ሕፃኑ አልጠየቀም። ቆይቶ ግን “ትንሽ ብንቀድም ኖሮስ?” አላት።

“ባይነሡ ኖሮ ሁለቱንም ነበር የምናጣው” አለችው። አባዬ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣል አደረገ።

በኋላ ትክክለኛው ሹካ መጣ። አያ ደጉ ገጠሙት፤ ማርሹም ያለ ድምፅ ገባ። ያን ቀን ያጨበጨበ አልነበረም።

አሁን መንገዱ ተሻሽሏል። ባለፈው ክረምት እናቴን ይዤ በሚኒባስ ወደ ደብረ ታቦር ስሄድ ሾፌሩ በየመንደሩ እየቆመ ሰው ይጭናል። ተሳፋሪው “ኧረ እንሂድ” እያለ ያጉረመርማል። እናቴ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። እኔ ግን መኪናው ደጋግሞ ቆሞ እንደ ልቡ ሲነሣ እያየሁ፣ ምንም አልቸኮልኩም።