እስከ ስድስት ሰዓት የተዋስኩት ሳሙና

ባለፈው ሳምንት ከፊት ለፊቴ ሱቅ የከፈተችው ሄለን መንገዱን ተሻግራ መጣች። ልጅቷ ሁልጊዜ ችኩል ናት፤ የዚያን ዕለት ግን ደጃፌ ላይ ቆማ ጫማዋን ታያለች። ሰው እንዲህ ከቆመ ወይ ሊለምን ነው፣ ወይ መርዶ ይዟል።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ከአከፋፋዩ ሰዎች ይመጣሉ። ዕቃ ይስጡኝ አይስጡኝ ሱቄን በስልክ ፎቶ አንስተው ነው የሚወስኑት።»

«ይምጡ። ምን ቸገረሽ?»

«መደርደሪያዬ ባዶ ነዋ። እ... ማለቴ፣ ትንሽ ሳሙናና ዘይት ቢያውሱኝ። እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ። በቃ፣ አንስተው እንደሄዱ እመልሳለሁ።»

«እስከ ስድስት ሰዓት» ስትል ሚዛኑን ማስተካከል ጀመርኩ። ሚዛኑ ምንም አልሆነም ነበር። ቃሏ ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት የኔ ቃል ነበር።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አባቴን ግማሽ ጎኑን መታውና ከቁስቋም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ያለችው ሱቁ እኔ እጅ ላይ ወደቀች። ሱቅ እላታለሁ እንጂ ውስጧ የነበረው ጨው፣ ክብሪት፣ ሻማና አንዲት ድመት ነው። አይጥ እንኳ የሚበላው አጥቶ ስለሄደ ድመቷም ሥራ ፈት ነበረች። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ሱቁ ተዘግቶ ከቆየ ለሌላ ሰው ይሰጣል ተብለናል። እኛ የምንኖረው ደግሞ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። አባቴ የተኛውም እዚያ ነው። ሱቁ ከሄደ አልጋውም ይሄዳል ማለት ነው።

ስለዚህ መርካቶ ወርጄ የአከፋፋዮችን ደጅ ጠናሁ። የመጀመሪያው «ቁስቋም? መኪናዬ አቀበት አይወድም» አለኝ። ሁለተኛው ጆንያ ላይ አስቀምጦኝ እስከ ምሳ ሰዓት ካስጠበቀኝ በኋላ መጋዘኑን ቆልፎ ሄደ፤ እኔን ውስጥ አለመቆለፉን እንደ ውለታ ቆጠርኩለት። ሳሙናና ዘይት የሚያከፋፍለው ሦስተኛው ፓስታ እየበላ ሰማኝ።

«ሱቅህ ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው» አልኩ።

«ሐሙስ ጠዋት ተቆጣጣሪ እልካለሁ። አይቶ ይነግረኛል።»

ዕቃ የሚሰጡት ዕቃ ላለው ሰው ነው። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ያወጣው ሰው ግን ተርቦ የሚያውቅ አይመስለኝም።

በሰፈራችን የዚህ አከፋፋይ ታፔላ የተሰቀለበት አንድ ሱቅ ብቻ ነበር፤ ከፊት ለፊታችን ያለው የጋሽ ከድር ሱቅ። ጋሽ ከድር በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው እዚያው ሱቅ ውስጥ የሸበቱ ሰው ናቸው። ታፔላቸው ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው፤ ቀኝ ጥጉን ጋሪ ገጭቶት ታጥፏል። ታፔላ ያለው ዕቃው በጅምላ ዋጋ እስከ ደጁ ይራገፍለታል። አንድ ነገር ብቻ ክልክል ነው፤ ዕቃውን ለሌላ ነጋዴ አሳልፎ መሸጥ። እንዲህ ሲያደርግ የተገኘ ታፔላው ይነቀላል።

ሐሙስ ማለዳ ሄድኩባቸው። በአንድ እጃቸው ሻይ፣ በሌላው ትኩስ አምባሻ ይዘዋል።

«ጋሽ ከድር፣ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ዕቃ ያውሱኝ።»

«በገዛ ሳሙናዬ ደንበኛዬን ልትወስድብኝ?»

«የሰፈሩ ባልቴቶች ከእርስዎ ንቅንቅ አይሉም።»

«ባልቴት በአንድ ሳሙና ዓመት ትከርማለች። አንተ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ልትወስድ ነው። እነሱ ናቸው የሚታጠቡት።» ሳቁ። ከዚያ አምባሻውን ለሁለት ገምሰው እየሰጡኝ «አባትህ እንዴት አደረ?» አሉ።

«ያው ነው።»

«በል ና ተሸከም።»

ጓዳቸው ውስጥ ጥቂት ካርቶን ነበር፤ ክረምቱ አርጥቦታል። ልይዘው ስል «ተው፣ ይሄ ያሳፍርሃል» ብለው ከመደርደሪያቸው ላይ ያወርዱልኝ ጀመር። እስከ መጨረሻዋ።

ተቆጣጣሪው ጃንጥላ ይዞ መጣ። መደርደሪያዬን ከላይ እስከ ታች አየና «ጥሩ ነው፣ ታፔላ ይሰቀልልሃል» አለ። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ልሸኘው መንገዱን እንደተሻገርን የሐምሌ ዝናብ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ጃንጥላው ተገለበጠ። ሰውየው ሮጦ ቅርብ ወዳገኘው ሱቅ ገባ። የጋሽ ከድር ሱቅ ነው። እኔም ተከትዬ ገባሁ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ተቆጣጣሪው ፊቱን ጠራረገና ቀና አለ።

«ከድር፣ ዕቃው የት ገባ? ሰኞ አይደል ያራገፍንልህ?»

«አለቀ።»

«በሦስት ቀን? ይሄ ሰፈር ሳሙና ይበላል እንዴ?»

ጋሽ ከድር አንድ ጊዜ አዩኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ተራውን ለኔ የሰጡኝ ይመስለኛል። «ዕቃው እኔ ጋ ነው፤ ተውሼ ነው» ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ቃሏ አፌ ውስጥ ነበረች። ከዝናቡ ማዶ የሱቃችን በር ይታየኛል፤ ከበሩ ጀርባ አባቴ ተኝቷል።

«ዘንድሮ ክረምቱ በረታ» አልኩ።

«ለነጋዴ ነው የምትሸጠው ማለት ነው» አለ ተቆጣጣሪው።

«ካልክ» አሉ ጋሽ ከድር። ከዚያ ሰውየው ቆሞ እንዳይደክመው ደረቅ ጆንያ አንጥፈው አስቀመጡት።

ዝናቡ ሲያባራና ሰውየው ሲሄድ ዕቃውን መለስኩ። ስድስት ሰዓት አልሞላም፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ጋሽ ከድር እየተቀበሉ ደረደሩ። ያሉት ነገር ቢኖር «እጅህን አድርቅ፣ የሳሙናው ወረቀት ይላጣል» ነው።

በአሥራ አምስት ቀኑ ከአከፋፋዩ ሁለት ሰዎች መሰላል ጭነው መጡ። አዲስ ታፔላ ገና አልተሠራም አሉና የጋሽ ከድርን ነቅለው፣ መንገዱን አሻግረው እኔ በር ላይ ሰቀሉት። ጥጉ እንደታጠፈ ነው። መሰላሉን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ጋሽ ከድር በራቸው ላይ ቆመው አይተው ሲያበቁ ወደ ውስጥ ገቡ።

የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ወሎ ተመለሱ። ሲሰናበቱ አባቴን ስመው፣ እኔን ጨብጠው ሄዱ። አባቴ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት በገዛ አልጋው ኖረ። ለራሴ የማቀርበው መከላከያ ይህ ነው፤ አንዳንድ ቀን ይሠራል። እውነቱን ለአከፋፋዩ ልነግር ብዬ ስንት ጊዜ መርካቶ ወርጃለሁ። ሁሌም ዕቃ አስጭኜ ተመለስኩ።

ሄለንን «ነገ በጠዋት ነይ» አልኳት። መጣችና ወሰደች። ሰዎቹም መጥተው ሱቋን ፎቶ አነሱ፤ ሲወጡ እኔም ዘንድ ብቅ ብለው ዙሪያውን ቃኙ። የኔ መደርደሪያ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ለእሷ የሰጠኋት ጓዳ ከነበረው ነው።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ካርቶኖቹን መለሰችልኝ። «ተፈቀደልኝ፣ ጋሼ። እንደ እርስዎ ያለ ሰው የለም» አለችኝ።

እንደኔ ያለ ሰውማ ሞልቷል። ከመደርደሪያው አውርዶ የሚሰጥ ነው የጠፋው።