ሆዴን ብላ የማታውቅ ልጅ

በአንድ የሴት ሯጮች ክለብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልብስ አጥቤያለሁ። ስለ ራሴ ብዙ የምለው የለኝም። የምጽፈው ስለ አንዲት ልጅ ነው። ጓደኞቿ «ሽቦ» ይሏት ስለነበር እኔም እንደዚያው ልበላት።

ሽቦ ክለቡ ስትገባ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ቀጭን ናት፤ ጉንጯ ግን ሞላ ያለ ነበር። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። የቆሸሸ ልብሷን እንደ ሌሎቹ አትወረውርልኝም፤ አጥፋ ነው የምትሰጠኝ።

«የሚታጠብ ልብስ ደግሞ ምን ታጥፊዋለሽ?» ስላት፣

«እርስዎን እንዳያስቸግር ነው፣ እማማ» ትለኛለች። ወደድኳት።

የማጠቢያው ክፍል ጠባብ ነው። አንድ ማሽን፣ ሁለት የሲሚንቶ ገንዳ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ባልዲ። ደም በሙቅ ውሃ አይለቅም፤ ስለዚህ ባልዲው ውስጥ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ውሃና ጨው ነበር። የወር አበባዋ የመጣባት ልጅ ቁምጣዋን ለብቻው ቋጥራ ባልዲው አጠገብ ታስቀምጥና ሹልክ ትላለች። እኔ ቋጠሮውን ፈትቼ፣ ወገቡ ላይ የሰፋሁትን ቁጥር አይቼ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ጠዋት አሰልጣኙ ፎጣ ሊወስድ ሲመጣ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ «አራት ቁጥርን ሆዷን ቆርጧታል» እለዋለሁ። እሱ ደግሞ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ «ይሁን» ይላል። ያን ቀን አራት ቁጥር ቀለል ያለ ልምምድ ትሠራለች።

ይህን ያስተማረችኝ ከእኔ በፊት የነበረችው አጣቢ ናት። አሰልጣኙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ራሱም ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት። ግን እሱም ያፍራል፣ ልጆቹም ያፍራሉ፣ እኔም አፍራለሁ።

በሁለተኛው ዓመት የሰባት ቁጥር ቋጠሮ ቀረ። ሰባት ቁጥር ሽቦ ነበረች። አንድ ወር፣ ሁለት ወር ጠበቅሁ። በአራተኛው ወር የቁምጣዋን ላስቲክ እንዳጠብበው ይዛልኝ መጣች። ክፉ ነገር ጠርጥሬ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣

«አንቺ፣ ቋጠሮሽን ካየሁ ቆየሁ። እውነቱን ንገሪኝ፤ አርግዘሻል እንዴ?» አልኳት።

ሳቋ ፈነዳ። «ከማን፣ እማማ? ከመሮጫው መም? እኔ ሌላ ነገር መቼ አገኘሁ? እሱማ በቃ ቀረ፤ ተገላገልኩት! ሰዓቴም እየተሻሻለ ነው።»

እኔም እፎይ አልኩ። «እድለኛ ነሽ፤ እኛ በየወሩ ስንጠበስ ኖርን» ብያት ላስቲኩን አጠበብኩላት። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ደግሜ አጠበብኩት። ጉንጯ ሲጎድል አይቻለሁ፤ ከሳህኗ እያነሳች ለጓደኞቿ ስታካፍል አይቻለሁ። ሯጭ ከስቶ ነው የሚያምረው ሲሉ እየሰማሁ ዝም አልኩ።

አሰልጣኙ ደግሞ «ሽቦን እዩ! ዘንድሮ አንድ ቀን እንኳ ሆዴን ብላ አታውቅም» እያለ ለሌሎቹ ምሳሌ አደረጋት። አራት ቁጥር ቀልደኛ ነበረችና «ሽቦ ደግሞ ምን ሆድ አለውና ይቁረጠው!» ብላ ሁሉንም አሳቀች። ሌሎቹ በወር አንድ ሁለት ቀን ሲያርፉ፣ እሷ ያለ እረፍት ዙር ይጨመርላት ነበር።

ትልቁ የማጣሪያ ውድድር አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሽቦ በማለዳ ማጠቢያው ክፍል መጣች። ግራ እግሯን ረገጥ አታደርገውም።

«እማማ፣ ቅልጥሜን ይጠዘጥዘኛል። አሰልጣኙን እግሬን ካልኩት ከማጣሪያው ያስወጣኛል። ዛሬ ብቻ ሆዷን ቆርጧታል ይበሉልኝ።»

«ቋጠሮ ሳላይ?»

«ምን አለበት? ለአንድ ቀን ነው።»

«እኔ ዋሽቼ አላውቅም፣ ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ አታስዋሺኝ» አልኳት። እውነቱን ልንገርልሽም አላልኳት። የቀረባትን ነገር አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ደብቄ፣ ለዚህች አንዲት ቃል ንጹሕ ልሆን አማረኝ። አሰልጣኙ ሲመጣ ፎጣውን ሰጠሁት። «ዛሬ ማን አለ?» አለኝ። «ማንም» አልኩት።

ከሁለት ሰዓት በኋላ የመሮጫው መታጠፊያ ላይ ወደቀች። ጩኸቷ ማጠቢያው ክፍል ድረስ ተሰማ።

ሐኪም ቤት አብሬያት ሄድኩ። አጥንቷ ተሰንጥቋል። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ የራጅ ፎቶውን አየት አድርጋ «የወር አበባሽ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው የመጣው?» ስትላት፣ አሰልጣኙ ብድግ ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

«ወዴት ነው? የሚያሠለጥኗት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ይቀመጡ» አለችው።

ተቀመጠ። ሽቦ እኔን አየችኝ። «አሥራ አንድ ወር ሆናት» አልኩ።

ሐኪሟ፣ ሽቦ የምትበላው ለምትሮጠው ሩጫ እንደማይበቃ፣ የወር አበባዋ የቀረው በዚያ እንደሆነ፣ አጥንቷም አብሮ እንደሳሳ አስረዳችን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ግን በሽታ መሆኑንም አላወቅንም። አሰልጣኙ ቆቡን በእጁ እያዞረ፣

«እማማ፣ ያውቁ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው?»

«ለመጣባት እንጂ ለቀረባት የምልህ ነገር አልነበረኝም።»

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ልጆቹን ራሱ ይጠይቃቸው ጀመር። መጀመሪያ ቀን ጆሮው ቀልቶ፣ ወረቀት እያነበበ ነበር፤ ሳቁበት፣ ግን መለሱለት። ሽቦን ግን ማጣሪያው አመለጣት።

ጠያቂዎች ሲወጡ ጠብቄ ክለቡ ውስጥ ያለው መኝታ ክፍሏ ገባሁ። እግሯ በጄሶ ተጠቅልሏል። አጠገቧ ተቀምጬ «እድለኛ ነሽ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«እሱን አላስታውሰውም» አለች። ቀጥላም፣ «ያን ቀን ጠዋት ቢሉልኝ ኖሮ ግን፣ እግሬ ይተርፍ ነበር?»

ውሸት ብነግራት ይቀላት ነበር። «አላውቅም ልጄ። ምናልባት ይተርፍ ነበር።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልውጣ ልቀመጥ እያልኩ ብድግ ቁጭ አልኩ። ኋላ፣ ሳትዞር፣

«እማማ፣ ትራሱን ከፍ ያድርጉልኝ» አለችኝ።

ከፍ አደረግሁላት።